ጾም ከበሽታ ይከላከላልን?

በአገራችን ጾምን የማያውቅ ቤት የለም ማለት ይቻላል። ክርስቲያኑ ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ፍልሰታንና ጾመ ነቢያትን ይጾማል፤ ሙስሊሙም በረመዳን ወር ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ድረስ እህልና ውሃ ሳይቀምስ ይውላል። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን የሚጾሙት ቀን ብቻ ሲቈጠር በዓመት ወደ 180 ይደርሳል፤ ካህናትና መነኮሳት የሚጾሙት ሲጨመርበት ደግሞ ወደ 250 ይጠጋል። እንግዲህ በሌላ አገር ስለ ጾም የሚነገረውና የሚጻፈው ሁሉ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ በቀጥታ በማእዳችን ላይ የሚያርፍ ነገር ነው።

የጾምን መንፈሳዊ ጥቅም ለማስረዳት አልተነሣሁም፤ ያን የሚያውቁት አባቶች ናቸው። እኔ የምጽፈው ስለ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይኸውም ለተወሰነ ሰዓት ከምግብ መከልከል ሰውነት በሽታን የሚከላከልበትን ኃይል ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል የሚለው ነው። ይህን የመረጥሁት ርእስ ጠፍቶኝ አይደለም። በዚህ ጥያቄ ምክንያት በቤታችን ውስጥ አንድ ስሕተት ተሠርቷል፤ የሠራሁትም እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ አያቴን ሳል ያዛቸው። በክረምት ሳል አዲስ ነገር ስላልሆነ ማንም ልብ አላለውም። ዝንጅብል በሻይ ተፈላላቸው፤ ነጭ ሽንኩርት በማር ተደቍሶ ተሰጣቸው፤ እርሳቸውም «ብርድ ነው፣ ፀሐይ ሲወጣ ይለቀኛል» እያሉ ቈዩ። ነሐሴ 1 ቀን ፍልሰታ ገባ። አያቴ ፍልሰታን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሳይጾሙ የቀሩበት ዓመት የለም። ቅዳሴ አስቀድሰው፣ ውሃ እንኳ ሳይጐነጩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቈዩና ጥቂት ሽሮ ወይም የሱፍ ፍትፍት ይቀምሳሉ። እናቴ ሰግታ «እማዬ፣ እንዲህ እየሳሉ ዘንድሮ ባይጾሙስ?» ብትላቸው እኔ ጣልቃ ገባሁ። በዚያው ሳምንት በስልኬ ላይ አንድ ጽሑፍ አንብቤ ነበርና በኩራት «እንዲያውም ጾም ነጭ የደም ሴሎችን ያድሳል፤ በሽታን የመከላከል ኃይል ይጨምራል፤ የኖቤል ሽልማት የተሰጠበት ነገር ነው» አልሁ። አያቴ ሳቁና «እኛ ይህን ሳንማረው እናውቀዋለን፣ ልጄ» አሉ። እናቴም ዝም አለች። ተማሪው ልጅ ተናግሯልና ክርክሩ በዚያው ቆመ።

ፍልሰታ ሲፈታ፣ ነሐሴ 16 ቀን፣ ዶሮ ወጥ ቀረበላቸው። ሁለት ጕርሻ ወስደው ገፉት። መቀነታቸውም ከቀድሞው አንድ ዙር ጨምሮ ሲዞር ያን ቀን አየሁ። በማግሥቱ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። ሲስተሯ ሳሉ ከጀመረ ስንት ጊዜው እንደ ሆነ ጠየቀችን፤ እኛም «ወር ከሳምንት ይሆናል» ብለን መለስን። ሳሉ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቈየበት ሰው አክታውን መመርመር እንዳለበት እዚያው ግድግዳ ላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ነበር፤ ተራ እስኪደርሰን ድረስ ደጋግሜ አነበብሁት። ሚዛኑ 41 ኪሎ አሳየ። የአክታው ውጤት ሲመጣ በሽታው የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ።

አንባቢ እንዳይሳሳት አንድ ነገር ልጨምር። ጾሙ በሽታውን አላመጣውም። የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፤ የሚተላለፈውም በሽታው ያለበት ሰው ሲያስል ወይም ሲያስነጥስ በአየር ነው። ባክቴሪያው አንዳንድ ጊዜ በሰው ሳንባ ውስጥ ለብዙ ዓመት ተኝቶ ይቈይና የሰውነት ኃይል ሲደክም ይነሣል። እኔ ያደረግሁት በቃሌ አያቴን ከምርመራ ማዘግየትና፣ ለመብላት ሰበብ በሚያስፈልጋቸው ጊዜ ላለመብላት ሰበብ መስጠት ነው።

ከዚያ በኋላ ያን ያነበብሁትን ጽሑፍ ሥሩን መፈለግ ጀመርሁ። የባዮሎጂ መምህራችንም ከባዱን እየተረጐሙ ረዱኝ። በመጀመሪያ የገረመኝ ጽሑፉ ፈጽሞ ውሸት አለመሆኑ ነው።

መጀመሪያ ሰውነት ያለ ምግብ ሲቈይ ምን እንደሚያደርግ እንመልከት። አንድ ሰው ማታ በሁለት ሰዓት እራቱን በልቶ በማግሥቱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢጾም 19 ሰዓት ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሰውነት ከእራቱ የተገኘውን ስኳር ይጠቀማል። ያ ሲያልቅ በጉበት ውስጥ ወደ ተከማቸው ስንቅ ይሄዳል፤ ይህም በአዋቂ ሰው ጉበት ውስጥ ወደ 100 ግራም የሚደርስ ነው። ያም እየተሟጠጠ ሲሄድ ስብ መቅለጥ ይጀምርና ጉበት ከስቡ ኬቶን የሚባል ነገር ይሠራል፤ አንጎልም ሳይቀር በዚህ ይኖራል። ዛሬ በፈረንጅ አገር «16 ሰዓት ጾሞ በ8 ሰዓት ውስጥ መብላት» እየተባለ እንደ አዲስ ግኝት የሚነገረው ይኸው ነው። አያቴ በዚህ ስሌት በየፍልሰታው ከፈረንጆቹ ሦስት ሰዓት ያህል ይበልጣሉ።

አሁን የኖቤል ሽልማቱን ነገር ላንሣ። ዮሺኖሪ ኦሱሚ የተባሉት የጃፓን ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. የሕክምናውን የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሴል የራሱን ያረጀና የተበላሸ ክፍል እየጠቀለለ እንዴት እንደሚበላ ስላሳዩ ነው። ይህ ሥራ ኦቶፋጂ ይባላል፤ ስሙን እ.ኤ.አ. በ1963 ዓ.ም. ያወጡለት ክርስቲያን ደ ዱቭ የተባሉ የቤልጂግ ሊቅ ሲሆኑ፣ ትርጓሜውም ራስን መብላት ማለት ነው። ኦሱሚ ይህን ያጠኑት በሰው ላይ አይደለም፤ በእርሾ ላይ ነው። እናቶቻችን ዳቦ የሚነፉበት ዓይነት እርሾ ማለቴ ነው። እርሾውን ምግብ ነሥተው በማይክሮስኮፕ ሲያዩት በሆዱ ውስጥ ትንንሽ ከረጢቶች ተሰበሰቡ፤ በየከረጢቱም ውስጥ የራሱ የሴሉ ቍራጭ ነበረበት። ሽልማቱ የተሰጠው የዚህን ሥራ ስልትና የሚመሩትን ጂኖች ስላገኙ ነው። ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢጾም ከሳል ይድናል የሚል ቃል በዚያ ሥራ ውስጥ የለም። በስልኬ ያነበብሁት ጸሐፊ ከእርሾው ወደ አያቴ በአንድ ዝላይ ተሻገረ፤ እኔም ተከትዬው ዘለልሁ።

ነጭ የደም ሴሎችን ያድሳል የተባለውስ? ይህም መነሻ አለው። በአሜሪካ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት አይጦችን ለተከታታይ ቀናት እያስጾሙና መልሰው እያበሉ ይህን ዑደት ደጋግመው ነበር። በጾሙ ጊዜ የአይጦቹ ነጭ የደም ሴሎች ቍጥር ቀነሰ፤ እንደ ገና ሲበሉ ግን በመቅኒ ውስጥ ያሉት የሴል እናቶች ነቅተው አዲስ ሴል ማምረት ጀመሩ። ልብ በሉ፤ ቍጥሩ በጾሙ ጊዜ ወርዷል፤ የተተካው እህል ሲገባ ነው። እኔ ያነበብሁት ጽሑፍ ሁለተኛውን ብቻ ጽፎ የመጀመሪያውን ትቶታል።

የነጭ የደም ሴሎች ነገር ከተነሣ ዘንድ ጥቂት ልቈይበት፤ በንባቤ ሁሉ እንደዚህ ያስደሰተኝ ክፍል የለምና። ከነጭ የደም ሴሎች መካከል ሞኖሳይት የሚባሉ አሉ። በደም ውስጥ እንደ ዘብ እየዞሩ ጀርም በገባበት ቦታ የሚደርሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በማውንት ሳይናይ የሕክምና ትምህርት ቤት የሚሠሩ ተመራማሪዎች 12 ጤነኛ ሰዎችን ለ19 ሰዓት አስጾሙ፤ የእኛን የፍልሰታ ሰዓት የቈጠሩላቸው ይመስላል። ከጾሙ በኋላ በሰዎቹ ደም ውስጥ የሚገኙት ሞኖሳይቶች ቀንሰው ተገኙ። ያው ጥናት እንዳሳየው፣ ሞኖሳይቶቹ ሲቀንሱ ሰውነት በራሱ ላይ የሚቈጣባቸው በሽታዎች በአይጦች ላይ ቀለል ብለው ታዩ፤ ጀርም በገባ ጊዜ ግን ዘቦቹ ተጠርተው ለመምጣት አላቃታቸውም። ይህ ለጾም ጥሩ ምስክር ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ዓ.ም.፣ በዚያው ተቋም ያሉ ሌሎች ተመራማሪዎች ዘቦቹ ወዴት እንደሚሄዱ ተከታተሉ። አይጦቹ በጾሙ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በደም ይዞሩ ከነበሩት ሞኖሳይቶች ከመቶ 90 ያህሉ ከደም ጠፉ፤ ወደ ተወለዱበት ወደ አጥንት መቅኒ ተመልሰው ነበር። ለ24 ሰዓት ጾመው እንደ ገና ሲበሉ እነዚያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ደም ጐረፉ። ነገር ግን በመቅኒ ውስጥ ስለ ቈዩ አርጅተውና ይበልጥ ቍጡ ሆነው ነበር። አይጦቹ በዚያን ጊዜ የሳንባ ምች በሚያመጣ ባክቴሪያ ሲያዙ ጾም ካልጾሙት ይልቅ በሽታው ጠናባቸው። እንግዲህ ወታደሩ ወደ ሰፈሩ ገባ፣ ኋላም ወጣ እንጂ አልበዛም። መቼ እንደ ገባና ጠላት መቼ እንደ መጣ ነው ውጤቱን የሚለውጠው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ሰው ሲታመም ምግብ ያስጠላዋል፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እናቶች ግን አጥሚት ይዘው «በግድም ቢሆን ቅመስ» ይላሉ። ማን ነው ትክክል? እ.ኤ.አ. በ1979 ዓ.ም. በታተመ አንድ ጥናት ሊስቴሪያ በሚባል ባክቴሪያ የተያዙ አይጦች በግድ ሲመገቡ፣ እንደ ልባቸው ከተተዉት ይልቅ ብዙዎቹ ሞቱ፤ ሞታቸውም ፈጠነ። ሩስላን ሜድዚቶቭ የሚመሩት በዬል ዩኒቨርሲቲ ያለው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. ይህንኑ ደግሞ አየ፤ ጐጂው በምግቡ ውስጥ ያለው ስኳር መሆኑንም አሳየ። ቀጥለው ግን አይጦቹን በባክቴሪያ ፈንታ በኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ አስያዟቸው። አሁን ነገሩ ተገለበጠ፤ የበሉት ተረፉ፣ ስኳር የተከለከሉት ሞቱ። ባክቴሪያና ቫይረስ በሰውነት ላይ የሚያደርሱት ጕዳት የተለያየ ስለ ሆነ፣ ሰውነትም ያን ጕዳት ለመቻል የሚያስፈልገው ስንቅ የተለያየ ነው። በቤት ውስጥ ተኝቶ የሚያተኵሰው ሰው የያዘው የትኛው እንደ ሆነ ያለ ምርመራ በምን ይታወቃል? ይህን ሳነብ የአጥሚቱን ስኒ ይዘው የሚቆሙትን እናቶች አሰብሁ፤ ከእኔም ይልቅ እነርሱ ትክክል የሚሆኑበት ጊዜ ብዙ ነው።

ወደ አያቴ በሽታ ልመለስ። ስለ ሳንባ ነቀርሳ የተጻፈውን ስፈልግ እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. የታተመ አንድ ታላቅ ጥናት አገኘሁ። ማክሮፋጅ የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች የነቀርሳውን ባክቴሪያ ይውጡታል፤ ባክቴሪያው ግን ብልኅ ስለ ሆነ ሳይፈጭ በውስጣቸው ይኖራል። ተመራማሪዎቹ እነዚያን ሴሎች በላቦራቶሪ ሳሕን ውስጥ አድርገው ምግብ ሲነሷቸው ኦቶፋጂ ተቀሰቀሰ፤ ሴሎቹም ባክቴሪያውን ጠቅልለው ወደ ማጥፋት ተመለሱ። ይህን ሳነብ ልቤ ደነገጠ። የተራበ ሴል የሳንባ ነቀርሳን ያሸንፋል! ታዲያ እኔ ለአያቴ የተናገርሁት ትክክል ኖሯል? ያን ማታ ጽሑፉን ዘግቼ ተኛሁ፤ ለማንም አልተናገርሁም።

መልሱን ያገኘሁት ከሕንድ አገር ነው። በጃርካንድ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2022 ዓ.ም. ድረስ የተካሄደና በ2023 ዓ.ም. የታተመ ትልቅ ጥናት አለ። የሳንባ ነቀርሳ ከያዛቸው ሰዎች ጋር በአንድ ቤት የሚኖሩ 10,345 ሰዎች ተመዘገቡ። በሽተኞቹ ሁሉ ምግብ ይሰጣቸው ነበር፤ ከቤተ ሰቦቹ ግን ገሚሶቹ ብቻ በየወሩ ሩዝ፣ ክክና የቪታሚን ክኒን ተሰጣቸው፤ ሌሎቹ እንደ ልማዳቸው በሉ። ከዚያም ከሁለቱ ወገን ስንት ሰው በነቀርሳ እንደሚያዝ ተቈጠረ። ምግብ በተሰጣቸው ቤተ ሰቦች በማናቸውም ዓይነት ነቀርሳ የተያዘው ሰው ከመቶ 39 ያህል ቀነሰ፤ በአክታ ምርመራ የተረጋገጠው የሳንባ ነቀርሳ ደግሞ ከመቶ 48 ያህል ቀነሰ። በበሽተኞቹም በኩል በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ክብደታቸው የጨመረው በሞት የመያዛቸው ነገር በጣም ያነሰ ሆነ። ይህን ያመጣው ረቂቅ መድኃኒት ሳይሆን በከረጢት የተሰፈረ ሩዝና ክክ ነው።

በሳሕን ያለ ሴልና ሙሉ ሰው ስለ አንድ ባክቴሪያ ሁለት የተለያየ ነገር ይናገራሉ ማለት ነው። መምህራችን ሲያስረዱኝ በሳሕን ያለው ሴል የሚያሳስበው የራሱ ሆድ ብቻ ነው አሉ። ሰውነት ግን ነጭ የደም ሴል ለመውለድ ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ትኵሳት ለማስነሣት ኃይል ያስፈልገዋል፤ የሳሳው ሳንባ እንዲጠግን ሥጋ ያስፈልገዋል። ስቡ ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ወደ ደም ይልካል፤ ይህም ለበሽታ መከላከያ ሴሎች «ስንቅ አለን፣ ተዋጉ» ብሎ እንደሚያሳስብ መልእክተኛ ነው። ሰው ከስቶ ስቡ ሲያልቅ መልእክቱ ይቋረጥና ሴሎቹ ይዳከማሉ። 41 ኪሎ የሚመዝን ሰውነት ከየት አምጥቶ ስንቁን ይበድራል?

ይህን ሁሉ የምጽፈው ጾምን ለመንቀፍ እንዳይመስል ስለ ጤነኛ ሰው ያለውንም መናገር ይገባኛል። አንድ ሙስሊም የክፍል ጓደኛ አለኝ። በረመዳን ቀኑን ሙሉ ይማራል፣ ይጾማል፣ ከአፍጥር በኋላ ኳስ ይጫወታል። «ጾም ላይ ጉንፋን ይበዛብሃል ወይ?» ብዬ ብጠይቀው ሳቀብኝ፤ «እኔን ትተህ የሚበዛው ሳምቡሳውን ብትጠይቅ ይሻላል» አለኝ። ቀልዱ ውስጥ እውነት አለ፤ በቀን የተጾመው በማታ የሚካስ ከሆነ ሰውነት የሚጐድለው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. በታተመ ጥናት 50 ጤነኛ ሰዎች በረመዳን ወር ደማቸው ተመርምሮ ነበር። ሰውነት ሲቈጣ የሚበዙት መልእክተኛ ነገሮች በደማቸው ውስጥ ቀነሱ፤ የነጭ የደም ሴሎቻቸውም ቍጥር ዝቅ ቢልም ከጤነኛ ሰው ልክ አልወረደም። ጤነኛና በቂ ምግብ የሚያገኝ ሰው በጾሙ በሽታ መከላከያውን አያጣም፤ የሰውነቱ ቍጣም ጥቂት ይበርድለታል። ከዚህ የሚያልፍ ትልቅ ጋሻ ግን አይለብስም።

የጾሙ ምግብም ቢሆን ራሱን የቻለ ነገር ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሱፍና ተልባ ጥሩ ፕሮቲንና ቅባት አላቸው፤ ጎመኑም የራሱ በረከት አለው። የሚጐድለው ቪታሚን ቢ 12 የሚባለው ነው፤ ከእንስሳት እንጂ ከዕፀዋት አይገኝምና። ደግሞ ሁሉ ቤት ሽሮውን በእኩል አያወፍረውም። ይህን የሚያነቡ ወላጆች ምን ማለቴ እንደ ሆነ ያውቁታል።

ጾምና ረሃብ በውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም አለመብላት ናቸው። ጾመኛ ግን ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስ የሚፈታበት እህል አለው። በረሃብ ዘመን ሰውን የሚጨርሰው ባዶ ሆድ ብቻ አይደለም፤ ኩፍኝ፣ ተቅማጥና የሳንባ ምች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. በጎዴ በደረሰው ረሃብ ከሞቱት ሕፃናት መካከል ኩፍኝና ክሳት ተባብረው የወሰዷቸው ነበሩ። አለመብላት ራሱ መከላከያ ቢሆን ኖሮ የእነዚያ ሕፃናት ነገር እንዲህ ባልሆነ ነበር። እንግዲህ የሚለየው አለመብላቱ ሳይሆን ከአለመብላቱ በፊትና በኋላ ያለው ነው፤ ማን ነው የጾመው፣ ምን ስንቅ ይዞ ገባ፣ በምን ይፈታል፣ በሰውነቱስ ውስጥ የተደበቀ በሽታ አለ ወይ?

ይህን ደግሞ ሃይማኖቶቹ ከሳይንስ አስቀድመው ያወቁት ይመስለኛል። ጓደኛዬ እንደ ነገረኝ በእስልምና የታመመና መንገደኛ የሆነ ሰው ይፈታል፤ ያልጾመውን ቀን በሌላ ጊዜ ይከፍላል። በእኛም ቤት የሆነው ከዚህ አልራቀም። አያቴ መድኃኒቱን ከጀመሩ በኋላ ረቡዕና ዓርብ አልበላም ብለው አስቸገሩን፤ ክኒኑንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማቈየት ፈለጉ። ሲስተሯ መድኃኒቱ በየቀኑ በሰዓቱ መወሰድ እንዳለበት፣ ካልሆነ ባክቴሪያው መድኃኒቱን እንደሚለምድ ብትነግራቸውም ልባቸው አላረፈም። እኔም ያነበብሁትን ሁሉ ዘርዝሬ ነገርኋቸው፤ የጃርካንዱን ሩዝ፣ የኒው ዮርኩን አይጥ፣ ሁሉንም። ቀና ብለው አዩኝና «ባለፈው ደግሞ ሌላ ብለኸኝ አልነበረም?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ነገሩን የፈቱት የነፍስ አባታቸው ናቸው። እናቴ ሄዳ ነገረቻቸውና አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ስለ ዝናቡና ስለ እህል ዋጋ ተጨዋወቱ፤ እኔ በልቤ ወደ ነገሩ በቶሎ ቢገቡ እያልሁ እቸኵል ነበር። በመጨረሻ «እሙሃይ፣ የእርስዎ ጾም አሁን ክኒኑ ነው» አሏቸው። «ወተቱንም እንቍላሉንም እኔ አዝዤዎታለሁ፤ ሲሻልዎት ይጾማሉ።» አያቴ መስቀሉን ተሳለሙ። ነገሩ በዚህ አለቀ። እኔ በሁለት ሳምንት ንባብ ያላደረግሁትን እርሳቸው በአንድ ስኒ ቡና አደረጉት፤ ትንሽ ቅር ሳይለኝ አልቀረም።

እኛም የቤቱ ልጆች ሁላችን ተመረመርን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የታመመ አልተገኘም። ታናሽ እኅቴ ግን ሕፃን ስለ ሆነች አስቀድሞ የሚከላከል ክኒን ታዘዘላት፤ በሳምንት አንድ ቀን ለ12 ሳምንት ነው። ቀኑን እንዳትረሳ በበሩ ጀርባ በጠመኔ ሠንጠረዥ ሠራሁላት፤ በየሳምንቱ አንድ መስመር እርሷ ራሷ ታሰምር ነበር።

የአያቴ ስድስት ወር የተፈጸመው በየካቲት መጨረሻ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ሲመዘኑ 48 ኪሎ ሆኑ፤ አክታቸውም ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ከጤና ጣቢያው ስንመለስ መንገድ ላይ ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚገባ ጠየቁኝ፤ ቀኑን ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ሄዱና የነፍስ አባታቸውን ሳይጠይቁ እንደማይጀምሩ ነገሩኝ። ከዚያም ዕንቍላል ከሚሸጥበት ሱቅ ስንደርስ ቆሙ፤ ከመቀነታቸው ገንዘብ ፈትተው «እስከዚያው ድረስ አምስት ግዛ» አሉኝ።